ፋኑ መቼ ይዙር?

የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ጎማ የሚደርሰው ጉልበት ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከፊሉን ደግሞ ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል። ራዲያተር ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም። አየር ካላለፈበት ሙቅ ውሃ የያዘ ብረት ነው። መኪናው ሲሮጥ አየሩ ራሱ ይመጣለታል፤ ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን የሚስብለት ይፈልጋል። ፋን የተሠራው ለዚያች ሰዓት ነው። ፒካፔ ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ካስገጠምኩ ወዲህ «ይሻላል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወዳጆች በዝተዋል። አዎ ወይም አይደለም ብዬ የምገላገለው ጥያቄ ስላልሆነ ሐሳቤን እዚህ ላስፍረው ብያለሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ፋኑ መቼ ይዞራል የሚለው ነው፤ ስንት ክንፍ አለው፣ ምን ያህል ይነፍሳል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መኪናው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ያለው፣ መካኒኮች «ሦስት ኤል» የሚሉት ዓይነት። ከእኔ በፊት የታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ደጀን ተቀምጦ ጤፍና ስንዴ ወደ አዲስ አበባ ያመላልስበት ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ፣ ድልድዩን መሻገር፣ ያንኑ ያህል መልሶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ነው። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሸለቆው ግርጌ ያለው አየር ይጋረፋል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ጭነት የያዘ መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ጎማቸው ሥር ድንጋይ አስደግፈው የቆሙ መኪኖች፣ ውሃ በሃይላንድና በጀሪካን የያዙ ረዳቶች የዚያ መንገድ ገጽታ ናቸው።

መኪናው ወደ እኔ ሲመጣ ሕይወቱ ተለወጠ። እኔ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ከመርካቶ ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታ ያደርሳል፤ ከቀኑ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመኪና ሰልፍ ውስጥ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛ ዙር እየዞረ ነው። መገናኛ ላይ፣ ጦር ኃይሎች ላይ፣ ቃሊቲ መውጫ ላይ አሥር ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ እንደገና አሥር ሜትር ይሄዳል። ለሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ለራዲያተሩ ግን ከዳገት የተለየ፣ የራሱ ክፋት ያለው ፈተና ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የድሮውን ፋን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ፋኑ የውሃ ፓምፑ አፍንጫ ላይ ታስሮ፣ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። በመሃሉ የፋን ክላች የሚባል ክብ ነገር አለ። ፊቱ ላይ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራች ጥምዝ ስፕሪንግ አለች። ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣው አየር ሲግል ስፕሪንጓ ትጠማዘዝና በውስጥ ያለችን ትንሽ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ የሲሊኮን ዘይት በቀዳዳዋ ገብቶ ፋኑን ከቺንጋው ዙር ጋር ያያይዘዋል። አየሩ ሲበርድ ቀዳዳዋ ትዘጋለች፣ ዘይቱ ይመለሳል፣ ፋኑም ይላላል። ሽቦ የለው፣ ፊውዝ የለው፣ ማንም አያዘው። በዚህ ሥራ እስካሁን እደነቃለሁ።

ወንድሜ ይህን ክላች በጆሮው ነበር የሚያውቀው። ከዓባይ ድልድይ ሽቅብ ጥቂት እንደወጣ ከኮፈኑ ሥር የሚያጓራ ድምፅ ይነሳል፤ ፋኑ ሙሉ በሙሉ ተያዘ ማለት ነው። «አሁን ጠጣ» ይል ነበር። ድምፁ ሳይነሳ ከዘገየ ዓይኑን ከሙቀት ጌጁ ላይ አይነቅልም፤ ድምፁ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መቼ እንደሚበርድ ይጠብቃል። ጌጁ ከማወቁ በፊት እሱ ያውቅ ነበር፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምናገረው። የዚህ ዓይነት መኪና ጌጅ መርፌው መሃል ላይ ብዙ ዲግሪ እስኪቀያየር ድረስ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ፣ ወደ ቀይ መሄድ ሲጀምር ጊዜው ረፍዷል።

እንግዲህ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር ዙሩ ከፍተኛ ነው። ፋኑም በቺንጋ ስለሚነዳ ያኔ በኃይል ይዞራል። ሙቀቱ በሚበዛበት ሰዓት አየሩም ይበዛል። ከተማ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆን፣ በደቂቃ ከሰባት መቶ እስከ ስምንት መቶ ዙር ላይ ነው፤ ክላቹ ጥርሱን ነክሶ ቢይዝ እንኳ ፋኑ ከቺንጋው ዙር በላይ ሊዞር አይችልም። ሲሊኮኑ ካረጀና ካነሰ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የእኔው ክላች አርጅቶ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ ደጋግሞ ይዞራል፤ ጤነኛ ክላች በእጅ ሲገፋ ይከብዳል፣ ወዲያው ይቆማል። ዙሪያውን የቅባት መስመር ታይቶበታል፤ ዘይቱ በዚያ ወጥቶ ነው።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ሲሊኮኑን ማስሞላት ነው፤ ቶዮታ ራሱ ለዚሁ ሥራ የሲሊኮን ዘይት በ18 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይሸጣል፣ እንደ ውፍረቱ ይለያያል። ይህ የሚናቅ መፍትሔ አይደለም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፋን ነው። የኤሌክትሪክ ፋን የሞተሩን ዙር አይጠብቅም፤ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ አንቀላፍቶ እያለ ሙሉ አየር ይስባል። ለእኔ መኪና የዛሬ ሕይወት የሚስማማው ይኸው ነው ብዬ ወሰንኩ።

ከመግጠሜ በፊት ግን ልቤን የሚያቃጥለኝን አንድ ነገር ልናገር። በከተማችን የኤሌክትሪክ ፋን የሚገጠምላቸው ብዙ መኪኖች ፋን አልጎደላቸውም። ራዲያተራቸው ተደፍኗል። ለዓመታት የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ እየተሞላ፣ ውስጡ በኖራና በዝገት ተለብጦ፣ ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ግማሾቹ ውሃ አያሳልፉም። ከውጭ ደግሞ በቱቦዎቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን ክንፎች በአቧራ፣ በነፍሳትና በዘይት ተጋግረዋል። እንዲህ ላለ ራዲያተር ትልቅ ፋን መግጠም በሽታውን ለጥቂት ወራት መሸፈን ነው፤ በሽታው ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) እስኪያጣምም ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። ቴስታታ ሲጣመም የሚከፈለውን ዋጋ ያየ ሰው ይህን እንደ ቀላል አይናገርም። መኪናው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና በወጉ መጠበቅ ከቀድሞው ይበልጥ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ቴርሞስታት ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚቆይ በር ነው። «ከሞቀብህ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። ምክሩ የሚሰጠው በቅን ልብ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል፣ ናፍጣም ይጨምራል። ከዚህም በላይ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት በታችኛው ሳህኑ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተው ሲጥሉት አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ሳይበርድ ይመለሳል፤ ለማብረድ የተደረገው ነገር በከባድ ጭነት ላይ ማሞቂያ ይሆናል። የእኔውም መኪና ላይ ቴርሞስታት አልነበረም፤ ማን መቼ እንዳወጣው አይታወቅም። 82 ተብሎ የተጻፈበት፣ በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር አዲስ ገባለት።

የራዲያተሩን ክዳንም ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን እዚህ አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ገደማ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ያስወጣል፣ ውሃው ወደዚያው ወደ 92 ይወርዳል። አሁን እዩልኝ፤ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የፋን ማብሪያ 92 ላይ በርቶ 87 ላይ የሚጠፋው ነው። ክዳኑ የሞተ መኪና አዲስ አበባ ላይ ፋኑ ሊበራ ሲል ውሃው መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። ባለቤቱ ፋኑን ይረግማል፤ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ለዚህ ነው ራዲያተሩ ተፈትቶ ታጥቦ፣ ኩላንት ተሞልቶ፣ ክዳኑ ተቀይሮ፣ ቴርሞስታቱ ገብቶ ካላለቀ ፋን አይገጠም የምለው። እዚህ ላይ የምደራደረው የለም።

ፋኑን ያገኘሁት ሶማሌ ተራ ነው። ሻጮቹ መጀመሪያ ያሳዩኝ ከትንሽ የቤት መኪና የወጡ፣ አንድ ሞተርና አንድ ክብ ክፈፍ ያላቸውን ነበር። አልወሰድኩም። ክብ ፋን ራዲያተሩን የሚሸፍን ክፈፍ ሳይኖረው ሲገጠም አየር የሚስበው ከፊት ለፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ነው፤ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። የወሰድኩት ከትልቅ መኪና የወጣ፣ ሁለት ፋን በአንድ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ያለውን ነው። ክፈፉ የራዲያተሩን ፊት ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። ሞተሮቹን እዚያው በባትሪ አስነስቼ፣ ኩሽኔታቸው እንዳልላላ በእጄ ወዝውዤ፣ አንድ ወረቀት መረባቸው ላይ አስጠግቼ የትኛው ወገን እንደሚስብ አየሁ። የሚገባው ከራዲያተሩ በስተኋላ፣ ሞተር ወገን ሆኖ የሚስብ ነው። ከፊት ሆኖ የሚገፋ ፋን መኪናው ሲሮጥ ለሚመጣው አየር እንቅፋት ነው፤ ቦታ ካልጠፋ በቀር አይመረጥም። ሽቦውን ገልብጦ ማዞርም ትክክለኛ ሥራ አይደለም፤ ክንፉ ለአንድ አቅጣጫ የተቀረጸ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር አየሩ በጣም ይቀንሳል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል አሳልፎ ፋን ማንጠልጠል የተለመደ ነው፣ ፈጣንም ነው። በእኛ መንገድ ንዝረት ግን ማሰሪያው ቱቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ አንድ ቀን ውሃ ይረጫል። እኔ ከላሜራ ማቀፊያ አሠርቼ ክብደቱን በራዲያተሩ የጎን ብረት ላይ አሳረፍኩት። ሁለተኛው፣ የድሮው ፋን ሲፈታ የውሃ ፓምፑን ፑሊ የሚይዙት እነዚያው አራት ዳዶዎች ናቸው። የፋኑ ውፍረት ስለሚጎድል ዳዶዎቹ እስከ ክሩ መጨረሻ ሄደው ፑሊውን ሳያጠብቁ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ልኩን የጠበቀ ዋሸር መግባት አለበት። ቺንጋውና ፓምፑ እንደ ቀድሞው ይዞራሉ፤ የኤሌክትሪክ ፋን የውሃውን ዝውውር አይነካም።

ልቤን የሰጠሁት ለሽቦው ሥራ ነው። ኤሌትሪሻኑ ጎበዝ ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ሥራውም ንጹሕ። «ፋዘር፣ አንድ ስዊች ዳሽቦርድ ላይ ላድርግልዎት፣ ሲሞቅ ያበሩታል» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያሠራው እንዲህ ነው። «መኪናውን እኔ ብቻ አይደለሁም የምነዳው» አልኩት። ሾፌር አለኝ፤ አንዳንዴ የእህቴ ልጅም ይወስዳታል። የድሮው ክላች አየሩን ዳስሶ ራሱ ይወስን ነበር፤ የወንድሜ ጆሮ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ሁለቱንም አንስቼ በምትካቸው የሰውን ማስታወስ ላስቀምጥ አልችልም። ስልክ ሲጠራ፣ ትራፊክ ሲያስቆም፣ ሐሳብ ሲይዝ ማን ያስታውሳል? ከዚህ በላይ ደግሞ ሁለቱ ፋኖች አንድ ላይ ከ20 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ በ12 ቮልት ከ240 ዋት በላይ ማለት ነው። ሲነሱ ለአፍታ የሚስቡት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ይህን በትንሽ የዳሽቦርድ ስዊችና በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ጋቢና ውስጥ እሳት ማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ሠራነው። ለእያንዳንዱ ፋን የራሱ ባለ 40 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ የራሱ ባለ 25 አምፔር ፊውዝ። አንዱ ቢቃጠል አንዱ ይቀራል። ፊውዞቹ ከባትሪው አጠገብ ናቸው፤ ሽቦው ከፊውዙ በፊት ረጅም መንገድ ከሄደ ያ መንገድ ጥበቃ የለውም። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፤ ከባትሪ የሚመጣው ወደ 30 ቁጥር፣ ከ87 ቁጥር ወደ ፋኑ፤ ሽቦው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር። 86 ከኳድሮ (ከመኪናው ቁልፍ ማስነሻ) ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ 85 ደግሞ በሙቀት ማብሪያው በኩል ወደ ሻንሲ ይወርዳል። ውሃው 92 ሲደርስ ማብሪያው ይገናኛል፣ ሪሌው ጠቅ ይላል። የዳሽቦርዱን ስዊች አልከለከልኩም፤ ከማብሪያው ጎን ለጎን አስገባነው፣ ማብሪያው ቢበላሽ በእጅ እንዲበራ። በእሱ ውስጥ የሚያልፈው የሪሌው ትንሽ ጉልበት ብቻ ነው። ኔጌቲቩን ሻንሲ ላይ በቀለም ላይ ከመደፍጠጥ ይልቅ እስከ ባትሪው ድረስ ወሰድነው።

የሙቀት ማብሪያው የት ይቀመጥ የሚለው ራሱን የቻለ ነገር ነው። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚሰካ ዘንግ ያላቸው ርካሾች አሉ፤ የሚለኩት የክንፉን ሙቀት ነው፣ ይዘገያሉ። እኔ ቶርኖ ቤት ሄጄ ከሞተሩ ትኩስ ውሃ በሚያመጣው የላይኛው ጎማ መሃል የሚገባ፣ ለማብሪያው ክር ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ አስቀረጽኩ። ማብሪያው ውሃው ውስጥ ነው። መብሪያው ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በላይ መሆን አለበት፤ ቴርሞስታቱ 82 ላይ መከፈት እየጀመረ ፋኑ 80 ላይ እንዲበራ ከተደረገ ፋኑ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፣ ሞተሩም የሚሻውን ሙቀት አያገኝም።

የኤሌክትሪክ ፋን ትልቁ አደጋ ዝምታው ነው። የድሮው ክላች ሲደክም ድምፁ ይለወጣል፣ ቅባት ያንጠባጥባል፣ በሳምንታት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ ግን ትናንት ሙሉ ሆኖ ሠርቶ ዛሬ በአንድ ፊውዝ ምክንያት ምንም ሳይሆን ይቀራል፤ ነጂው ምንም አይሰማም፣ ድሮም በጸጥታ ይሠራ ነበርና። ይህን ሳስብ ነው ወንድሜ በጆሮው ይሠራ የነበረውን ሥራ ለሌላ ነገር መስጠት እንዳለብኝ የገባኝ። ስለዚህ ከሁለቱ ሪሌዎች 87 ቁጥር ወደ ዳሽቦርዱ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ወሰድኩ፤ የውሃውን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ማሳያም ከራሱ ሴንሰር ጋር አስገጠምኩ፣ 102 ሲደርስ ይጮኻል። ማሳያው 94 ካለ እና አረንጓዴዎቹ ካልበሩ ሾፌሩ መኪናውን ያቆማል። መብራቱ ኤሌክትሪክ መድረሱን እንጂ ክንፉ መዞሩን አይናገርም፤ የክንፉን መዞር የሚናገረው የቁጥሩ መውረድ ነው። ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ ለሾፌሬ አስተምሬዋለሁ፣ እሱም ለእህቴ ልጅ አስተምሮታል።

ዲናሞውን አትርሱ። በሚኒሞ የሚዞር ዲናሞ ከሙሉ አቅሙ እጅግ ያነሰ ነው የሚያመነጨው። ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ባውዛው በርቶ፣ መጥረጊያው እየሠራ፣ መንገድ ተዘግቶ ፋኖቹ ሲነሱ፣ ኤሌክትሪክ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ዲናሞው በጣም ደካማ ነው። ጉድለቱን ባትሪው ይሸከማል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፋኑም ይዝላል። ስለዚህ ከሞተሩ ዙር ነጻ ወጣን ስንል ሙሉ በሙሉ አልወጣንም። ባትሪዬን በዚያው ሰሞን ቀየርኩት፣ የዲናሞውንም ቺንጋ አጠበቅኩ።

ውጤቱ ከተማ ውስጥ የጠበቅኩትን ያህል ነው፤ ከዚያም ይበልጣል። መገናኛ ላይ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ቁጥሩ ቀስ እያለ 92 ይደርሳል፣ አረንጓዴዎቹ ይበራሉ፣ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል፣ 87 ላይ ይጠፋሉ። ቀለበት መንገድ ላይ ስንሮጥ ፋኖቹ ጨርሶ አይነሱም፤ አየሩ ራሱ ይበቃል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፤ የድሮው ክላች ጤነኛ ሳለ ዘይቱ ሌሊት ተጠራቅሞ ስለሚያድር ጠዋት ጠዋት ሳያስፈልግ ያጓራ ነበር፣ እሱ ቀርቷል። ስለ ናፍጣ ቁጠባ የሚወራውን ግን አላጋንንም። የፋን ዙር እጥፍ ሲሆን የሚስበው አየር እጥፍ፣ የሚበላው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በኃይል የሚዞር፣ ክላች የሌለው ፋን በእርግጥ ጉልበት ይበላል። ጤነኛ ክላች ያለው ፋን ግን ሳያስፈልግ ሲቀር ራሱ ይላላል። ከተማ ውስጥ ለምሄደው ልዩነቱ የሚያወራ አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፍ ያጥለቀለቀው መንገድ ሲያጋጥም ደግሞ ፋኑ ቀዝቅዞ ቆሞ መሻገሩ ደስ ይላል፤ በቺንጋ የሚዞር ፋን ውሃ ሲመታ ክንፉ ወደ ፊት ታጥፎ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል።

ከዚያ ወደ ደጀን ወሰድኳት። ወንድሜ እንዲያያት እፈልግ ነበር። ስንመለስ ስምንት ኩንታል ጫንን፣ እሱም አብሮኝ ወጣ። የሕዳሴን ድልድይ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ፣ ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ድምፁ አልመጣም። «ይዞራል ወይ?» አለኝ። አረንጓዴዎቹን አሳየሁት። ቁጥሩን ማንበብ ጀመረ፦ 93፣ 95፣ 96። ከዚያ 98 ላይ ቆመ፣ እስከ ጎሃ ጽዮን አፋፍ ድረስ አልወረደም፣ አልወጣምም። ፋኖቹ አንድም ጊዜ ሳይጠፉ ወጡ።

98 አደገኛ አይደለም፤ ክዳኑ ጤነኛ፣ ኩላንቱ በልኩ ነው። ግን ቁጥሩ የነገረኝን ሰምቻለሁ። ዳገቱ ላይ ፋኖቹ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጡት የላቸውም። የድሮው ፋን እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ስለሚያዞረው ከእነዚህ ይበልጥ ይስብ ነበር። ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የቀለለ ነው፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞር የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ በቀትር፣ አሥራ ሁለት ኩንታል ቢሆን ኖሮ 98 ላይ ይቆም ነበር ብዬ አልምልም።

ጎሃ ጽዮን ሻይ ስንጠጣ ወንድሜን፣ «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ታስገጥመው ነበር?» አልኩት። «ለአዲስ አበባ አዎ» አለ። «ለዚህ መንገድ ግን የድሮውን መልስልኝ።» እኔም የምስማማው በዚሁ ነው። የድሮውን ክላች ሲሊኮን አስሞልቼ ከነፋኑና ከነአራቱ ዳዶዎቹ መጋዘን አስቀምጬዋለሁ፤ መኪናዋ ወደ ደጀን ሥራ ከተመለሰች ያው ይመለስላታል።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ወዳጆች መልሴ እንደ መኪናቸው ሥራ ነው። ከተማ ውስጥ በሰልፍ የምትውል፣ ቀላል ጭነት የምትይዝ ፒካፕ ካለችህ ራዲያተሩን አጽዳ፣ ቴርሞስታቱን መልስ፣ ክዳኑን ቀይር፣ ከዚያ ከነክፈፉ፣ ከነሪሌውና ከነፊውዙ የኤሌክትሪክ ፋን አስገጥም፤ መለዋወጫ ሪሌና ፊውዝ መሳቢያህ ውስጥ ይኑር። ዓባይን፣ ጣርማበርን ወይም ሊማሊሞን ከነጭነቱ የምትወጣበት መኪና ከሆነ ግን የድሮውን ክላች አትንካ። ወር በገባ ቁጥር ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ፋኑን በእጅህ ግፋው፤ ከብዶ ቶሎ ከቆመ ጤነኛ ነው፣ ደጋግሞ ከዞረ ሲሊኮኑ አልቋልና ጭነት ከመያዝህ በፊት አስሞላው።